የሁለት ሰማዮች ልዩነት፦ የሰው ሠራሽ ኤሮሶል ታሪካዊ ተጽዕኖ በሞዴል እንዴት ይሰላል?

ጥያቄው፦ «የድኅረ ምረቃ ጥናቴ በክረምት ዝናብ ላይ ነው። ከፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ የሚወጣው ኤሮሶል (በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ብናኝ) ምድርን አቀዝቅዟል፣ የሳህልንም ዝናብ ቀንሷል ይባላል። በ1850 ሳተላይት አልነበረም፣ የሰልፌት መለኪያም አልነበረም። ታዲያ ይህ በሞዴል እንዴት ይታወቃል? ሞዴሎቹስ ለምን ይህን ያህል ይለያያሉ? እኔ በአንድ ላፕቶፕ ምን ልሠራ እችላለሁ?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አንዱን ሞዴል ሁለት ጊዜ ያስኬዱታል። አንዴ የሰው ልጅ የኤሮሶል ልቀት እንደ ታሪኩ ከዓመት ዓመት እየተለወጠ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ልቀቱ በ1850 መጠን ተገትሮ። የሁለቱ ሰማዮች ልዩነት የኤሮሶሉ ድርሻ ነው። ነገሩን የሚያከብደው ከሁለቱ ሰማዮች አንዱን ማንም አለመለካቱ ነው። የዛሬውን በሳተላይት፣ በአውሮፕላንና በመሬት ጣቢያ እናውቀዋለን፤ የ1850ው ሰማይ ግን ራሱ በሞዴል የተሠራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ዞረው ዞረው የሚመለሱት ወደ አንድ ጥያቄ ነው፦ ያ ያልተለካው ሰማይ ምን ያህል ንጹሕ ነበር? (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጠኑን አስቀድመን እንያዝ። «ፎርሲንግ» የምንለው በከባቢ አየር አናት ላይ በሚገባውና በሚወጣው ጨረር መካከል የሚፈጠረውን የሚዛን መዛባት ነው፤ በዋት በካሬ ሜትር ይለካል። በ2021 የወጣው የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ገምጋሚ አካል) ስድስተኛ ግምገማ ከ1750 እስከ 2019 የኤሮሶሉን ፎርሲንግ −1.1 ብሎ ገምቶታል፤ ወሰኑ ከ−1.7 እስከ −0.4 ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ በዚያው ዘመን +2.16 ገደማ ነው። ስለዚህ ኤሮሶሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ጫና ግማሽ ያህል ሸፍኖ ቆይቷል ማለት ነው። ከ−1.1ዱ ከአምስት አራቱ እጅ የሚመጣው በደመና በኩል ነው፤ ብናኙ ራሱ ብርሃን በመመለሱ የሚመጣው ትንሹ ክፍል ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ ይህን ቀድሞ መያዝ ይጠቅማል።

ልቀቱ ከየት ይገኛል?

በ1900 ከጭስ ማውጫ ላይ የለካ ሰው ባይኖርም የድንጋይ ከሰል ግን በቶን ተመዝኖ፣ ተሽጦ፣ ተመዝግቧል። ስሌቱ የተቃጠለው ነዳጅ፣ በውስጡ ያለው ሰልፈር እና ወደ አየር ያመለጠው ድርሻ ሲባዙ ነው። 1 በመቶ ሰልፈር ያለው 1 ቶን ከሰል 10 ኪሎ ሰልፈር ይይዛል። ሰልፈር ሲቃጠል ኦክስጅን ስለሚጨምር ክብደቱ እጥፍ ይሆንና 20 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ አምስት በመቶ ያህሉ በአመድ ውስጥ ይቀራል። መዳብና ሌሎች ማዕድናት የሚቀልጡባቸው ፋብሪካዎች፣ የነዳጅ ማጣሪያዎች፣ መርከቦች በዚሁ መንገድ ይሰላሉ። የሲሚፕ6 (የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች የጋራ ንጽጽር ስድስተኛ ዙር) ሞዴሎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ሴድስ የተባለው የልቀት መዝገብ ከ1750 እስከ 2014 በየወሩ በካርታ ላይ የተሠራው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ የጀማሪዎች ቁጥር አንድ ስሕተት የአሃድ ነው። አንዱ መዝገብ በሰልፈር ቴራግራም (ሚሊዮን ቶን)፣ ሌላው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቴራግራም ይጽፋል፤ ልዩነቱ ልክ እጥፍ ነው (32 እና 64)። የሰልፌት ክብደት ደግሞ 96 ነው፤ ሲለወጥ በሦስት እጥፍ ይስታል። ከማንኛውም ሥራ በፊት የዓለምን ጠቅላላ ድምር በራስዎ ደምረው ከታተመው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ካርታው በካሬ ሜትር በሰከንድ የተሰጠ ስለሆነ በእያንዳንዱ ሳጥን (ካርታው የተከፈለበት ክፍል) ስፋትና በወሩ ሰከንዶች ማባዛት ያስፈልጋል። የሳጥኑ ስፋት ወደ ዋልታ ሲሄዱ በኬክሮሱ ኮሳይን ልክ ይጠባል፤ ይህን የረሳ ሰው የሰሜን አውሮፓን ልቀት ከልክ በላይ ያበዛል።

ታሪኩ ራሱ ወጥ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካና አውሮፓ ልቀቱን በፍጥነት አሳደጉት፤ የዓለም ጠቅላላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ጫፍ ደረሰ። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1970 ወጥቶ በ1990 ተጠናከረ፤ አውሮፓ በ1979 የጄኔቫውን ስምምነት፣ በ1985 ሰልፈርን በ30 በመቶ የሚቀንሰውን የሄልሲንኪ ፕሮቶኮል ፈረመች። ከዚያ ክብደቱ ወደ እስያ ዞረ። የቻይና ልቀት እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ወጥቶ ከ2013 ወዲህ በጣም ፈጥኖ ወረደ፤ የሕንድ ግን እየጨመረ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ የመርከብ ነዳጅ የሰልፈር ጣሪያ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ተቀንሷል። ሲሚፕ6 ታሪካዊ ልቀቱን በ2014 ስለሚያቆም ከዚያ ወዲህ ያለው ከወደፊት መላምት የተቀጠለ ነው። ስለ መርከቡ ደንብ የሚያጠና ሰው ይህን ሳያይ ቢያልፍ ያልነበረ ልቀት ይዞ ይቀራል።

ሌላ የተደበቀ ወጥመድ አለ፤ የደንና የሣር ቃጠሎ መዝገብ። ከ1997 ጀምሮ ያለው በሳተላይት የታየ ስለሆነ ከዓመት ዓመት በኃይል ይዋዥቃል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን የተለሰለሰ ነው። ደመና ለብናኝ የሚሰጠው ምላሽ ቀጥተኛ መስመር ስላልሆነ፣ አማካዩ ባይለወጥ እንኳ የመዋዠቁ መጨመር ብቻ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ በሰሜን ከፍተኛ ኬክሮሶች ሐሰተኛ ሙቀት ፈጥሯል። ከ1997 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ላይ ድንገተኛ ለውጥ ካዩ መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥሩ።

ከጋዝ ወደ ብናኝ

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ሰልፌት የሚለወጠው በሁለት መንገድ ነው። በጠራ አየር ከሃይድሮክሲል ጋር ቀስ ብሎ፣ በደመና ጠብታ ውስጥ ደግሞ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ከኦዞን ጋር ፈጥኖ። ሰልፌቱ በታችኛው ከባቢ አየር የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለዘመናት ይቆያል፤ ኤሮሶል ግን ልቀቱ በቆመ በሳምንታት ሰማዩን ይለቃል። ስለዚህም ዓለም አቀፍ አማካይ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ልቀቱ የት እንደወጣ ወሳኝ ነው።

ክብደቱን በትክክል ያስቀመጠ ሞዴል እንኳ ቁጥሩን ሊስት ይችላል። የደመና ጠብታ የሚፈጠረው በብናኝ ላይ ስለሆነ ደመናን የሚለውጠው የብናኞቹ ቁጥር ነው እንጂ ክብደታቸው አይደለም። በተመሳሳይ ክብደት የብናኙን ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንሱ ቁጥሩ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሞዴሎች ከሚወጣው ሰልፈር 2.5 በመቶው ከጭስ ማውጫው ሲወጣ ወዲያው ሰልፌት ነው ብለው ይነሡና መጠኑን ራሳቸው ይመድቡለታል። ይህች በሰነዱ ውስጥ አንድ መስመር የምትይዝ ምርጫ የደመናውን ፎርሲንግ በግልጽ ታንቀሳቅሰዋለች። የሚጠቀሙበት ሞዴል ሰነድ ላይ የመጀመሪያው የሚፈለገው መረጃ ይህ ይሁን፦ ብናኙን በክብደት ብቻ ነው የሚከታተለው ወይስ ቁጥሩንም ጭምር?

በቀጥታ ብርሃን መመለስ

ይህ ክፍል በወረቀት ላይ ይሰላል። የፀሐይ ጨረር 1361 ዋት በካሬ ሜትር ነው፤ ግማሹን 680 ይውሰዱ። በዚያ ላይ የአየሩ ብርሃን አሳላፊነት ሲካሬድ 0.58፣ ከደመና ነጻ የሆነው ሰማይ 0.4፣ የመሬቱ ነጸብራቅ 0.15 ከሆነ ከአንድ ተቀንሶ ሲካሬድ 0.72፣ ብናኙ ወደ ላይ የሚመልሰው ድርሻ 0.29። ሲባዙ 33 ይመጣል። ስለዚህ የሰው ሠራሹ የብርሃን ጥቅጥቅነት (ብናኙ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካው ቁጥር) 0.03 ቢሆን ፎርሲንጉ −1 አካባቢ ይሆናል፣ ብናኙ ብርሃን የማይውጥ ንጹሕ ሰልፌት ከሆነ።

ጥላሸት ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ብናኙ ከሚነካው ብርሃን 7 በመቶውን ቢውጥ ያ 33 ወደ 27 ይወርዳል፤ ይህ በጨለማ መሬትና ባሕር ላይ ነው። ያንኑ ብናኝ ነጸብራቁ 0.6 በሆነ በረዶ ወይም በወፍራም ደመና ላይ ቢያስቀምጡት ምልክቱ ይገለበጣል፤ ማቀዝቀዙ ይቀርና ያሞቃል። አንድ ዓይነት ጭስ በአንዱ ቦታ እያቀዘቀዘ በሌላው የሚያሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። አይፒሲሲ ለዚህ ቀጥተኛ ክፍል የሰጠው ቁጥር −0.22 ብቻ መሆኑም የሰልፌቱ ማቀዝቀዝና የጥላሸቱ ማሞቅ በከፊል ስለሚጣፉ ነው።

ደመናው

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ሾን ቱሚ በ1970ዎቹ ያሳየው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ያው ውሃ በብዙ ጥቃቅን ጠብታዎች ላይ ሲከፋፈል ጠቅላላ ገጹ ይሰፋል፣ ደመናውም ይነጣል። የንጣቱ ለውጥ በግምት ነጸብራቁ ሲባዛ በ(አንድ ሲቀነስ ነጸብራቁ)፣ ሲካፈል ለ3፣ ሲባዛ በጠብታ ቁጥሩ ሎጋሪዝም ለውጥ ነው። ነጸብራቁ 0.5 ለሆነ ደመና የጠብታው ቁጥር 10 በመቶ ቢጨምር ለውጡ 0.008 ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዝቅተኛ ደመና ከዓለም ሩቡን ሸፍኗል ካልን፣ 340 ዋት ሲባዛ 0.25 ሲባዛ 0.008 ወደ 0.7 ይጠጋል፤ ከደመናው በላይ ያለው አየር የሚቀንሰውን ብናወጣለት እንኳ ግማሽ ዋት ይቀራል። የ10 በመቶ የጠብታ ለውጥ ይህን ያህል ከሠራ ጠብታን በ10 በመቶ ትክክለኛነት ያላወቀ ሞዴል ምን ያህል እንደሚስት መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በላይ ሁለተኛ ደረጃ ምላሾች አሉ። ጠብታው ሲደቅ ዝናብ ይዘገያል፣ ደመናው ይቆያል፤ አልብሬክት በ1989 ያነሣው ይህን ነው። በሌላ በኩል የደቀቀ ጠብታ በፍጥነት ይተንናል፣ ደመናውም ሊሳሳ ይችላል። የትኛው ያይላል? ጥሩ የተፈጥሮ ፈተና የሆነው በአይስላንድ የሆሉህራውን ፍንዳታ ነው፤ ከነሐሴ 2014 እስከ የካቲት 2015 ብዙ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ዝቅተኛው አየር ለቀቀ። በሳተላይት የታየው ጠብታዎቹ በግልጽ መድቀቃቸው ሲሆን በደመናው ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ግን ብዙም አልተለወጠም። በዚያ ክስተት ላይ ውሃውን አብዝተው የጨመሩ ሞዴሎች የዘመናቱን ማቀዝቀዝም እንደሚያጋንኑ ጥሩ ምክንያት አለን። የሽፋን ስፋቱ ጉዳይ ግን አሁንም እየተጠና ነው፤ በኋላ የመጣ ሥራ ሽፋኑ መጨመሩን አሳይቷል።

ያልተለካው መነሻ

ሎጋሪዝም የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚያ ነው። ጠብታ ከ50 ወደ 100 መጨመሩ ከ100 ወደ 200 ከመጨመሩ ጋር እኩል ይሠራል። ስለዚህ በንጹሕ አየር ላይ የወደቀው የመጀመሪያው ቶን በቆሸሸ አየር ላይ ከወደቀው ከመጨረሻው ቶን እጅግ ይበልጣል። ቁጥር እናስገባበት። የደመናው ፎርሲንግ ከ«አንድ ሲደመር የሰው ልቀት ሲካፈል ለተፈጥሮ ዳራ» ሎጋሪዝም ጋር ይሄዳል እንበል። የተፈጥሮ ዳራው (የባሕር አልጌ የሚያወጣው ሰልፈርና እሳተ ገሞራ) 60 ቴራግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከሆነ የሰው ልቀት 10 ሲደርስ የ140ውን ውጤት 13 በመቶ አስቀድሞ ሠርቷል። ዳራው 15 ብቻ ከሆነ ግን 22 በመቶውን ሠርቷል። ልቀቱ ከ140 ወደ 80 ሲወርድስ? በ60 ዳራ ማቀዝቀዙ 30 በመቶ ይጠፋል፤ በ15 ዳራ 21 በመቶ ብቻ።

ልብ ይበሉ፤ የሰውን ልቀት አንድም ቶን አልነካንም። የቀየርነው የተፈጥሮውን መነሻ ብቻ ነው፣ የታሪኩ ቅርጽ ግን ሌላ ሆነ። ካርስሎውና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት የደመና ፎርሲንግ ጥርጣሬ ልዩነት 45 በመቶው ከተፈጥሮ ብናኝ ሲመጣ 34 በመቶው ከሰው ሠራሹ መምጣቱን ያገኙት ለዚህ ነው። ሞዴሎችን የሚያወዳድር ሰው የ2014ን የጠብታ ቁጥር ብቻ ከሳተላይት ጋር አስተያይቶ ቢረካ ከችግሩ ግማሹን ብቻ አይቷል። የ1850ውን የጠብታ ቁጥር በደቡብ ውቅያኖስ ላይ ያውጡ፤ በጣም ዝቅ ብሎ ካገኙት ያ ሞዴል ጠንካራ ማቀዝቀዝ መስጠቱ አያስደንቅም። አንዳንድ ሞዴሎች ጠብታ ከተወሰነ ቁጥር በታች እንዳይወርድ በኮዱ ውስጥ ወለል ያስቀምጡለታል፤ ያ ወለል ብቻውን ፎርሲንጉን በአስረኛዎች ያናውጠዋል።

ፎርሲንጉን ከሲሚፕ6 ማውጣት

ይህን በላፕቶፕ መሥራት ይቻላል። «ፒአይክሊም-ኮንትሮል» እና «ፒአይክሊም-ኤር» የተባሉትን ሁለት ሙከራዎች ያውርዱ። ሁለቱም የባሕር ወለል ሙቀትን በ1850 ላይ ገትረው 30 ዓመት ያስኬዳሉ፤ ሁለተኛው ላይ የኤሮሶል ልቀቱ ብቻ የ2014 ነው። ከእያንዳንዱ ሦስት ወርኃዊ መለኪያ ይበቃል፦ የሚገባው የፀሐይ ጨረር፣ የሚመለሰው የፀሐይ ጨረር፣ የሚወጣው የሙቀት ጨረር፣ ሁሉም በአየሩ አናት ላይ። የሚገባው ሲቀነስ የሚወጡት ሁለቱ፣ በሳጥን ስፋት ተመዝኖ፣ በ30 ዓመት አማካይ፤ ከዚያ ሁለተኛው ሲቀነስ አንደኛው። የ30 ዓመት ሙከራ ፎርሲንጉን እስከ 0.1 ዋት ገደማ ድረስ ያጠራዋል። ዐሥር ዓመት ብቻ ወስዶ በቁጥሩ መመካት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የደመና መዋዠቅ ስሕተቱን ወደ 0.17 ዋት ገደማ ያሰፋዋል።

በዚህ መንገድ የወጣው የሲሚፕ6 ሞዴሎች አማካይ −1.0፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 0.23 ገደማ ነው። የእርስዎ ቁጥር ከ−0.5 ወይም ከ−1.6 ቢያልፍ መጀመሪያ የጨረሮቹን ምልክት ይመርምሩ፣ ቀጥሎም ሁለቱ ሙከራዎች ከአንድ የሞዴል ስሪት መሆናቸውን። መነሻውም መታየት አለበት፤ የሞዴሎቹ መነሻ 1850 ሲሆን የአይፒሲሲው 1750 ነው።

የደመናውንና የቀጥታውን ድርሻ ለመለየት ስቲቨን ጋን በ2013 ያቀረበው ዘዴ ይሻላል። ሞዴሉ በሠራበት በዚያው ሰዓት ጨረሩን ኤሮሶል እንደሌለ አድርጎ ደግሞ ያሰላል። ሙሉው ለውጥ ሲቀነስ ኤሮሶል የሌለበት ለውጥ ቀጥተኛው ድርሻ ነው። ኤሮሶል የሌለበት ለውጥ ሲቀነስ ኤሮሶልም ደመናም የሌለበት ለውጥ የደመናው ድርሻ ነው። የቀረው የመሬት ነጸብራቅ ለውጥ ነው። ከጠራ ሰማይና ከሙሉ ሰማይ ልዩነት ብቻ «የደመና ውጤት» የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ያ ትክክል አይደለም፣ ደመና ከበታቹ ያለውን ብናኝ ስለሚሸፍን ቀጥተኛውም ድርሻ አብሮ ይገባበታል።

የዓመት በዓመት ታሪኩን ከፈለጉ «ፒአይክሊም-ሂስትኤር» አለ። የባሕሩ ሙቀት እንደተገተረ የኤሮሶሉ ልቀት ብቻ ከ1850 ጀምሮ ይለወጣል። ነጠላ ዓመት አይሣሉ፤ አባላቱን (ያው ሙከራ ከተለያየ መነሻ የተደገመባቸውን ስሌቶች) አማክለው በ11 ዓመት ተንሸራታች አማካይ ይሣሉ።

ሞዴሎቹ የተለያዩት ሙቀቱን አንድ እያሳዩ ነው

ይህን በኤክሴል ማየት ይቻላል። ዓለምን በሁለት ሽፋን እንክፈላት፦ ላይኛው የባሕሩ ገጽ ሽፋን፣ ታችኛው ጥልቁ ባሕር። የላይኛው ሽፋን የዓመት ለውጥ፦ ፎርሲንግ፣ ሲቀነስ 1.2 ሲባዛ የላይኛው ሙቀት፣ ሲቀነስ 0.7 ሲባዛ የላይኛውና የታችኛው ልዩነት፣ ሁሉም ሲካፈል ለ8። የታችኛው፦ 0.7 ሲባዛ ያው ልዩነት፣ ሲካፈል ለ100። አንድ ረድፍ አንድ ዓመት። የኤሮሶሉን −1.1 ብቻውን በግርድፍ ካሰሉት ለ1.9 (1.2 እና 0.7) ሲካፈል −0.6 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። አይፒሲሲ ኤሮሶልና ሌሎች ከሙቀት አማቂ ጋዞች ውጭ ያሉ ሰው ሠራሽ ምክንያቶች ከ0.0 እስከ 0.8 ዲግሪ አቀዝቅዘዋል ካለው ወሰን ውስጥ ነው።

አሁን ሦስት ዓለም እንሥራ። ኤሮሶል የሌለበት የሰው ፎርሲንግ 3.8 ነው። በአንዱ ኤሮሶሉን −1.1፣ መጀመሪያውን ቁጥር 1.2 ያድርጉ፤ 2.7 ለ1.9፣ 1.4 ዲግሪ። በሁለተኛው ኤሮሶሉን −1.7፣ ቁጥሩን 0.8፤ 2.1 ለ1.5፣ ያው 1.4። በሦስተኛው −0.4 እና 1.7፤ 3.4 ለ2.4፣ እንደገና 1.4። (ግርድፉ ስሌት የምላሹን መዘግየት ስለማይቆጥር ከተለካው ሙቀት ከፍ ይላል፤ ንጽጽሩን ግን አያበላሸውም።) ሦስቱም ያለፈውን አንድ ያሳያሉ፣ የወደፊታቸው ግን አይገናኝም። ስለዚህ አንድ ሞዴል የመቶ ዓመቱን ሙቀት በትክክል ማሳየቱ ኤሮሶሉ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የሚለያቸው ጊዜና ቦታ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ሙቀት አማቂ ጋዝና ኤሮሶል አብረው ወጡ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ጋዙ እየወጣ ኤሮሶሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ወረደ። ከሲሚፕ6 ሞዴሎች በርካቶቹ ከ1960 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ከተለካው ይበልጥ ቀዝቃዛ መሆናቸው ጠቃሚ ምልክት ነው። በመሬት ላይ የተለካው የፀሐይ ጨረርም ተመሳሳይ ታሪክ ይነግራል፦ እስከ 1980ዎቹ መደብዘዝ፣ ከዚያ በአውሮፓ መልሶ መፍካት። ሞዴሉ ያንን መታጠፊያ በትክክለኛው ዐሥርት ዓመት ካላሳየ ልቀቱን ወይም የብናኙን ቆይታ ይጠርጥሩ።

ወደ ክረምቱ ዝናብ

ልቀቱ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ስለተከማቸ ሰሜኑ ከደቡቡ ይበልጥ ቀዘቀዘ። የሐሩር ክልል የዝናብ መቀነት ወደሚሞቀው ወገን ስለሚሳብ ወደ ደቡብ ተገፋ፤ ክረምታችን ደግሞ የሚመጣው ያ መቀነት ወደ ሰሜን ሲወጣ ነው። አይፒሲሲ ለ1970ዎቹና 1980ዎቹ የሳህል ድርቅ የአሜሪካና የአውሮፓ ኤሮሶል አስተዋጽኦ እንዳለው ይቀበላል። የእኛ የስድሳ ስድስቱና የሰባ ሰባቱ ዓ.ም. ድርቆች የወደቁት በዚያ ደረቅ ዘመን ውስጥ ነው። ኤሮሶሉ ዳራውን ወደ ደረቁ ጎን አዘነበለው ማለት ይቻላል፤ የአንዱን ዓመት ድርቅ አመጣው ማለት ግን አይቻልም፣ ኤልኒኖና የውቅያኖሶች መዋዠቅ አሉበትና። ድርቁ ረሃብ የሆነበት ምክንያትማ ከሞዴል ውጭ ነው።

ለሥራው «ሂስት-ኤር» የተባለውን ሙከራ ይጠቀሙ፤ ባሕሩ ነጻ ሆኖ ኤሮሶሉ ብቻ ይለወጣል። አንድ አባል አይበቃም። መዋዠቁ በአባላት ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ስለሚቀንስ ካንኢኤስኤም5 እና ሚሮክ6ን የመሰሉ ዐሥርና ከዚያ በላይ አባላት ያሏቸውን ሞዴሎች ያስቀድሙ። ነገር ግን የካንኢኤስኤም5 ሳጥን 2.8 ዲግሪ፣ ማለትም 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይ ተፋሰስ ሁለትና ሦስት ሳጥን ብቻ ይሆናል፣ ደጋውና ስምጥ ሸለቆውም ተደፍጥጠው አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ የጎጃምን ወይም የወሎን ዝናብ በቀጥታ አያንብቡበት። ይልቁን ከ20 ደቡብ እስከ 20 ሰሜን ያለውን የክረምት ዝናብ እኩል ለሁለት የሚከፍለውን ኬክሮስ ያስሉ። የሁለቱን ንፍቀ ክበቦች የሙቀት ልዩነትም ጎን ለጎን ይሣሉ። ሁለቱ አብረው ካልተንቀሳቀሱ መንስኤውን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

በልግን ከክረምት አይደምሩ፤ አሠራራቸው ይለያያል፣ የዓመት ድምር አንዱን በሌላው ይደብቃል። ዝናቡ በኪሎግራም በካሬ ሜትር በሰከንድ ስለሚሰጥ በቀን ሚሊ ሜትር ለማግኘት በ86400 ያባዙ። የብሪታንያው ሞዴል ዓመቱን በ360 ቀን ስለሚቆጥር ከሰኔ እስከ መስከረም 120 ቀን ነው እንጂ 122 አይደለም። ወደ ጋራ ሳጥን ሲያዛውሩ ጠቅላላ መጠን የሚጠብቀውን ዘዴ ይምረጡ፤ ተራው መስመራዊ ዘዴ የዝናቡን ድምር ያዛባል። በቀይ ባሕርና በአፋር ላይ በሳተላይት የሚያዩት የብናኝ ጥቅጥቅነት ደግሞ በአብዛኛው የበረሃ አቧራ ነው፣ ሰው ሠራሽ አይደለም። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የፈነዳው የኤርትራው የናብሮ እሳተ ገሞራም ከተፈጥሮ ወገን ስለሆነ «ሂስት-ኤር» ውስጥ አይፈለግም።

ከምልከታ ጋር ሲያስተያዩ ቺርፕስን (ከሳተላይትና ከጣቢያ የተሠራ የዝናብ መዝገብ) ብቻ አይያዙ። የሚጀምረው በ1981፣ በደረቁ ዘመን መካከል ነው፤ ከዚያ የተነሣ የክረምት ዝናብ የለውጥ መስመር ወደ ላይ ሊያዘነብል ይችላል፣ መውረዱን ደግሞ ጨርሶ አያሳይም። ከጣቢያ ልኬት የተሠሩትን፣ ከ1891 የሚጀምረውን ጂፒሲሲ ወይም ከ1901 የሚጀምረውን ሲአርዩ ይጨምሩ፣ ነገር ግን በየሳጥኑ ስንት ጣቢያ እንደነበረ የሚነግረውን ፋይል አብረው ያውርዱ። ከ1950ዎቹ በፊት በኢትዮጵያ የነበሩት ጣቢያዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። ሲአርዩ በአቅራቢያው ጣቢያ ሲያጣ የዘመኑን አማካይ ይሞላበታል፤ ያ ሳጥን በዚያ ዓመት ድርቅም ጥጋብም የሌለበት ይመስላል። ጣቢያ የሌለባቸውን ሳጥኖች ከምልከታውም ከሞዴሉም እኩል ይሰርዙና ከዚያ በኋላ ያወዳድሩ።